ሴራሚኩ ሥር ያለው

የመታጠቢያ ቤታችን ውሃ ወደ ማፍሰሻው አይሄድም ነበር። ወደ በሩ ነበር የሚሄደው። ሦስት ዓመት ሙሉ ገላዬን በታጠብኩ ቁጥር ጎንበስ ብዬ ውሃውን በመጥረጊያ እየገፋሁ ወደ ቀዳዳው መለስኩት። ለመድኩት። ባለፈው ወር የበሩ እንጨት ከሥሩ በስብሶ ሲሰነጠቅ ግን ሴራሚክ የሚሠራ ሰው አስጠራሁ።

የመጣው ልጅ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ምንም ሳይናገር ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ወለሉን አንድ በአንድ ማንኳኳት ጀመረ። መጀመሪያ ጠጣር ድምፅ፣ አሁንም ጠጣር፣ ከዚያ ባዶ። እንደገና ባዶ። አንዱን ሴራሚክ ሲነቅለው ሥሩ የነበረው ሲሚንቶ አምስት ጉርሻ ብቻ ነው፤ አራቱ በየማዕዘኑ፣ አንዱ መሐል ላይ። የቀረው አየር ነው። ልጁ ቁጢጥ ብሎ ብዙ አየው። የቀድሞውን ሠራተኛ ይረግማል ብዬ ስጠብቅ፣ "ተቸኩሎ ነው እህቴ" አለኝ ቀስ ብሎ። "በካሬ የተዋዋለ ይመስለኛል።"

በካሬ ያዋዋልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ያኔ የዓይን ሕክምና ላይ ስለነበር ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነበርኩ። ሦስት ሰው ጠርቼ ሦስቱንም የጠየቅኳቸው አንድ ነገር ነው፤ የእጅ ዋጋህ በካሬ ስንት ነው፣ በስንት ቀን ታስረክበኛለህ። ሥሩን በምን ትሞላዋለህ፣ ተዳፋቱን ከየት ትጀምራለህ የሚል ጥያቄ ከአፌ አልወጣም። ዋጋ የቀነሰውንና ቶሎ እጨርሳለሁ ያለውን ወሰድኩ።

ይህን ያደረግኩት የግንበኛ ልጅ ሆኜ ነው፤ የሚቆጨኝም ይኸው ነው። ልጅ ሆኜ ለአባቴ ምሳ ይዤለት ስሄድ ውሃ ልኩን ያስይዘኝ ነበር። ውስጡ የሚታይ ረጅም ጎማ ነው፤ ውሃ ይሞላና አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ግድግዳው ላይ እንቆማለን። "አታንቀሳቅሺው፤ አረፋ እንዳለው እዪ" ይለኛል። ጎማው ውስጥ አንዲት የአየር አረፋ ከቀረች ልኩ ይዋሻል። ውሃው እስኪረጋ ትንፋሼን ውጬ እጠብቅ ነበር። ማዕዘን ሲያወጣ ደግሞ በአንዱ ሲባጎ ላይ 60፣ በሌላው ላይ 80 ሳንቲ ሜትር ለክቶ ምልክት ያደርጋል። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ድፍን 100 ካልመጣለት ሲባጎውን ፈትቶ እንደገና ይወጥራል። 99 ተኩል አይበቃውም። ያቺን ግማሽ ሳንቲም እዚያ ክፍል ውስጥ የሚኖር ሰው ዕድሜ ልኩን አያውቃትም።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን ኮንክሪት ማጠጣቱን ነው። ብዙ ሰው ኮንክሪት የሚጠነክረው ሲደርቅ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ ነው። ውሃው ቀድሞ ከተነነ መጠንከሩም መንገድ ላይ ይቀራል። የኮንክሪት ጥንካሬ በ28ኛው ቀን የሚለካውም ውህደቱ ጊዜ ስለሚፈልግ ነው። ስለዚህ ቢያንስ ለ7 ቀን እርጥበቱ እንዳይለየው ጆንያ አልብሶ ጠዋት ማታ ማጠጣት ያስፈልጋል። የስድስተኛው ቀን ውሃ መጠጣት አለመጠጣቱን ማንም አይቶ አይለይም፤ ላዩ ያው ነው፣ ቀለሙም ያው ነው። አባቴ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጣ ነጠላውን እንኳ ሳያወልቅ ወደ ሥራው ቦታ ይሄድ ነበር። አሠሪው የለም፣ ፎርማኑ የለም፣ ያለው ዘበኛው ብቻ ነው። "ማን ያይሃል?" አልኩት አንድ ቀን፤ ርቦኝ ነበር። አልመለሰልኝም። ባልዲውን አቀበለኝ።

ከነቢያት ሁሉ አሞጽን የሚወደው ጌታን ቱንቢ ይዞ ቅጥር ላይ ቆሞ ስላየው ነው። ሁሌ ያነሣዋል።

እንዲህ ያለው ሰው "ባለእጅ" እየተባለ ሲናቅ ኖሯል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ቀጥቃጩንም ሸማኔውንም በሙያው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱት ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። ዛሬ ስድቡ ከአፋችን ላይ ቀንሷል። ንቀቱ ግን መልኩን ለውጦ ዋጋ ክርክራችን ውስጥ ገብቷል ባይ ነኝ። ለሴራሚኩ ውድ ዋጋ ከፍለን ሲያበቃ ለሚያነጥፈው እጅ እንከራከራለን። ልጃችን ነጥብ ሲያንሰው "በቃ ቴክኒክና ሙያ ይግባ" እንላለን፤ እንደ ቅጣት። ሙያውን ሳይማር መሣሪያ አንግቶ የሚዞር ሰው የለም ማለቴ አይደለም፣ ሞልቷል። ነገር ግን በጥንቃቄ የሚሠራውንና የሚያጭበረብረውን በአንድ ዋጋ የምናስተናግድ ከሆነ ጠንቃቃው እስከ መቼ ይችለዋል?

ወለሌን ሊሠራ የመጣው ልጅ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ተምሯል፤ ከዚያም አንድ ባለሙያ ሥር አራት ዓመት ሠርቷል። አሮጌውን ወለል ነቅሎ ከጨረሰ በኋላ ሲሚንቶ አላቦካም። መጀመሪያ ሴራሚኮቹን እንዲሁ በደረቁ ደረደራቸው፤ ተቆራጩ የት ላይ እንደሚወድቅ ለማየት ነው። በር ስንከፍት ፊት ለፊት የሚታየው ላይ ወደቀ። አነሣቸውና ከሌላ በኩል ጀመረ፤ ቁራጮቹ ከበሩ ኋላ ገቡ። በዚህ ብቻ ግማሽ ቀን አለፈ። ተዳፋቱን ከማፍሰሻው ተነሥቶ በሜትር አንድ ሳንቲም ተኩል እያስነሣ ሄደ። የእያንዳንዱን ሴራሚክ ጀርባ ዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ እየቀባ፣ አስቀምጦ በጎማ መዶሻ እየመታ፣ ጆሮውን እያዘነበለ። ሦስት ቀን ይፈጃል ያለው ሥራ አምስት ቀን ፈጀ። ለተጨማሪው ሁለት ቀን ሒሳብ አልጠየቀኝም። ከፈልኩት።

ከመሄዱ በፊት አባቴ በትሩን ይዞ መጣ። ዓይኑ አሁን ብዙም አያይም። እኔን ተደግፎ ዝቅ አለና መገጣጠሚያዎቹን በአውራ ጣቱ ጥፍር እየዳሰሰ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሄደ። ከዚያ "ውሃ አምጪ" አለኝ። አንድ ጆግ ውሃ በበሩ በኩል አፈሰስኩ። ሦስታችንም ዝም አልን። ውሃው ጥቂት ተንጣለለ፣ ሰብሰብ አለ፣ መንገዱን ያዘ። ማፍሰሻው ውስጥ ሲወርድ ድምፁ ተሰማ፤ አባቴ የመጨረሻዋ ጠብታ እስክትወርድ አንገቱን አዘንብሎ ሰማ።

"ከማን እጅ ነው የተማርከው?" አለው።

ልጁ ከተቀመጠበት ተነሣ፣ እጁን በሱሪው ጠረገና የአስተማሪውን ስም ከነአባቱ ነገረው።