ስፕሪንግፊልድ ሁለት ጊዜ የተጠየቀችው ጥያቄ

ጳጉሜን 5 ቀን 2016 ማታ፣ በፈረንጆቹ መስከረም 10 ቀን 2024፣ ዶናልድ ትራምፕና ካማላ ሃሪስ ፊላደልፊያ ላይ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ ፊት ለፊት ተከራከሩ። አዲስ አበባ ላይ የእንቁጣጣሽ ሌሊት ነበር፤ ክርክሩ የተጀመረው በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። በበዓሉ ጠዋት ቡና ሲፈላ ስልካችን ላይ የደረሰው ወሬ ግን ስለ ግብርም ስለ ጤና መድንም አልነበረም። ኦሃዮ ውስጥ ስፕሪንግፊልድ በምትባል ከተማ ስደተኞች የነዋሪውን ውሻና ድመት እየበሉ ነው የሚለው ነበር። ያንን ሌሊት 67 ሚሊዮን ያህል አሜሪካውያን ክርክሩን በቀጥታ ተከታትለዋል። ከዚያ ሁሉ ሰዓት የቀረችው ይህችው የትራምፕ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት።

ጉዳዩ የቆየ ነው፣ ለምን ዛሬ ታነሳዋለህ የሚለኝ ይኖራል። የማነሳው ጋዜጠኛ የፖለቲከኛን ተቀጣጣይ ውሸት እንዴት ይዘግብ የሚለው ጥያቄ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ሆኖ የታየበት ቦታ ስለማላውቅ ነው። ደግሞም ያኔ ብዙ የተሰደበው ተናጋሪው ነው፤ ወሬውን ተሸክመው ቤት ለቤት ያደረሱት እምብዛም አልተጠየቁም።

መጀመሪያ ከተማዋን እንያት። ስፕሪንግፊልድ 60 ሺህ ገደማ ሕዝብ የነበራት፣ ፋብሪካዎቿ የተዘጉባት፣ ወጣቶቿ ጥለዋት የሄዱ ከተማ ናት። በቅርብ ዓመታት አዳዲስ ድርጅቶች ሲከፈቱ ሠራተኛ ጠፋ። ሥራ አለ የሚለውን የሰሙ የሄይቲ ሰዎች መጡ፤ የከተማው አስተዳደር ከ12 ሺህ እስከ 15 ሺህ ይሆናሉ ብሎ ገምቷል። አብዛኞቹ ያኔ ሕጋዊ ነበሩ፤ ብዙዎቹ የያዙት ቲፒኤስ የሚባለውን ጊዜያዊ ከለላ ነበር። ሕዝቡ ባጭር ጊዜ እንዲህ ሲጨምር የቤት ኪራይ ናረ፣ ክሊኒክ ደጃፍ ሰልፉ ረዘመ፣ ትምህርት ቤቶች አስተርጓሚ ፍለጋ ተጨነቁ። በ2023 ደግሞ አንድ የሄይቲ ተወላጅ የሚያሽከረክረው መኪና ከትምህርት ቤት አውቶቡስ ጋር ተጋጭቶ የ11 ዓመት ልጅ ሞተ። ቁጣ ነበረ። ይህን መካድ ዋጋ የለውም። የልጁ አባት ግን፣ ክርክሩ በተካሄደበት በዚያው ቀን፣ የከተማው ምክር ቤት ፊት ቆሞ ፖለቲከኞች የልጁን ሞት ለጥላቻ መጠቀሚያ ማድረጋቸውን እንዲያቆሙ ለመነ። ያ ንግግር ስንት የአማርኛ ገጽ ላይ እንደወጣ እናንተው ታውቃላችሁ።

ወሬው ራሱ ከየት መጣ? ከአንድ የፌስቡክ ቡድን። የጻፈችው ሴት ከጎረቤቷ ሰማች፤ ጎረቤቷም ከሌላ ሰው። በኋላ ጋዜጠኞች ሲጠይቋት በዓይኗ ያየችው ነገር እንደሌለ ተናገረች፤ በሆነውም ተጸጸተች። ማስረጃ ተብሎ የዞረው ቪዲዮ ካንተን ከምትባል ሌላ የኦሃዮ ከተማ የመጣ ነው፤ እዚያ የታሰረችው ሴትም ሄይቲያዊት አይደለችም። ድመቷ ጠፍታባት ጎረቤቶቿን ጠርጥራ ፖሊስ ዘንድ ያመለከተች ሌላ ሴት ነበረች። ድመቷ ከቀናት በኋላ ከገዛ ቤቷ ምድር ቤት ወጣች። ሴትዮዋ የሄይቲ ጎረቤቶቿን ሄዳ ይቅርታ ጠየቀች። እኔ እሷን አከብራታለሁ፤ ወሬውን ካሰራጩት ባለሥልጣናት ይቅርታ የጠየቀ አልሰማሁምና።

አሁን ወደ ጥያቄው። ጄዲ ቫንስ፣ ያኔ የራሷ የኦሃዮ ሴናተርና የትራምፕ ምክትል ዕጩ፣ ከክርክሩ አንድ ቀን በፊት ወሬውን በኤክስ ገጹ ለጠፈ። ዎል ስትሪት ጆርናል በኋላ እንደዘገበው በዚያው ቀን ከሰውዬው ቢሮ አንድ ሠራተኛ ለከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ለብራያን ሄክ ደውሎ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ሄክ መሠረት የለውም አለ። ጽሑፉ ግን ከገጹ አልወረደም። በማግሥቱ ቫንስ ወሬው ሐሰት ሆኖ ሊገኝ እንደሚችል ጠቅሶ፣ ደጋፊዎቹ ግን የድመት ቀልዱን እንዳያቆሙ አበረታታ። በሌላ በኩል ክርክሩን ያዘጋጀው የኤቢሲ ቴሌቪዥን ሰዎች ለዚያው ለከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ጥያቄውን አቀረቡ፤ ያገኙትም መልስ ያው ነበር። ትራምፕ ወሬውን ሲያወጣ አወያዩ ዴቪድ ሚዩር የከተማዋ ሥራ አስኪያጅ ተዓማኒ የሆነ ሪፖርት እንደሌለ ነግሮናል ብሎ እዚያው አረመው።

አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ፣ ሁለት የተለያዩ አጠቃቀሞች። ለኔ የጋዜጠኝነት ሙያ ድንበር የተሰመረው እዚህ ጋ ነው። ኤቢሲ ወሬው ከክርክሩ በፊት እየተናፈሰ መሆኑን አይቶ ቀድሞ አጣራ፤ መልሱን በእጁ ይዞ ገባ። ዝግጅት ማለት ይሄ ነው። በቀጥታ ሥርጭት ላይ ውሸት ሲነገር መድረስ የሚችለው ቀድሞ የጠየቀ ብቻ ነው። ትራምፕ የመለሰው ምን ነበር? ሰዎች በቴሌቪዥን ሲናገሩ አይቻለሁ አለ። ወሬው ከፖለቲከኛ ወደ ቴሌቪዥን፣ ከቴሌቪዥን ተመልሶ ወደ ፖለቲከኛው ሲዞር እንደ ምስክር ይቆጠራል።

በማግሥቱ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። ብዙ የዜና ርዕሶች ትራምፕ ያለ ማስረጃ እንዲህ አለ የሚል ቅርጽ ነበራቸው። ርዕሱ ስህተት የለበትም። ግን አንባቢው ርዕሱን ብቻ አንብቦ ያልፋል፤ ጭንቅላቱ ውስጥ የሚቀረው ሄይቲና ድመት ጎን ለጎን ነው። «እሱ ነው ያለው፣ እኔ አላልኩም» የሚለው መከላከያ ዜና ክፍል ውስጥ ለተቀመጠው አርታዒ ይሠራለት ይሆናል፤ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ልጇን ትምህርት ቤት ለምትልክ እናት ምንም አይፈይድላትም። የቦምብ ማስፈራሪያ ጎረፈ። ማዘጋጃ ቤቱ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቶች ልጆቹን አስወጡ፣ ኮሌጆች ትምህርታቸውን ወደ ኢንተርኔት አዛወሩ፣ ከተማዋ በየዓመቱ የምታከብረው የባህል ፌስቲቫል ተሰረዘ። በፈረንጆቹ መስከረም 16 ላይ የግዛቲቱ ገዥ ማይክ ዴዋይን ቢያንስ 33 ማስፈራሪያ እንደደረሰና ሁሉም ሐሰት እንደነበር ተናገረ። ዴዋይን የትራምፕ ፓርቲ ሰው ነው፤ የተወለደውም እዚያችው ስፕሪንግፊልድ ነው፤ ፖሊሶቹን በየትምህርት ቤቱ ለፍተሻ ያሰማራው እሱ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ደግ ተረት ነው። እስኪጠራ ድረስ ባለው ሌሊት ውስጥ የሚኖረው ሰው ግን ማን ነው የሚለውን ተረቱ አይመልስም።

ይህ የኢንተርኔት ዘመን በሽታ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ የካቲት 1950 ላይ ጆሴፍ ማካርቲ የተባለ እምብዛም የማይታወቅ የዊስኮንሲን ሴናተር ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ ዊሊንግ በምትባል ከተማ ተነሥቶ በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሚሠሩ የ205 ኮሚኒስቶች ዝርዝር በእጄ አለ አለ። ከቀናት በኋላ ቁጥሩ 57 ሆነ። ሴኔት ፊት ሲቀርብ ደግሞ 81። ጋዜጦቹ ቁጥሩ ለምን ይቀያየራል ብለው ከመጠየቅ ይልቅ የተናገረውን እንደወረደ ያትሙ ነበር፤ ሴናተር ሲናገር ዜና ነው፣ አስተያየት መጨመር ደግሞ ወገንተኝነት ነው የሚል እምነት ነበራቸውና። ማካርቲ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጋዜጣው ማተሚያ ቤት ሊገባ ትንሽ ደቂቃ ሲቀረው ክሱን ይለቃል፤ የተከሳሹ መልስ በማግሥቱ፣ የውስጥ ገጽ ላይ፣ ታች ይወጣል። ኤድዋርድ መሮው በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ያቀረበው ዝነኛ ፕሮግራም የተላለፈው መጋቢት 1954 ነው። አራት ዓመት! በዚያ መሐል ሥራቸውንና ስማቸውን ያጡት ሰዎች ብዙ ናቸው። መሮው ሲወደስ እነዚያ አራት ዓመታት ይረሳሉ።

እኔን የበለጠ የሚገርመኝ የዴንቨር ፖስት ጋዜጣ አሳታሚና አርታዒ የነበረው ፓልመር ሆይት ነው። በ1953 ለአርታዒዎቹ ማስታወሻ ጻፈ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ የክሱን ባለቤት ማንነት መዝኑ፣ የተከሰሰው ሰው ምላሽ እስኪገኝ ዜናውን ማዘግየት ካለባችሁ አዘግዩት፣ ርዕስ ስትሰጡ ተጠንቀቁ የሚል ነበር። ምንም የረቀቀ ነገር የለበትም። ዜናው ለአንድ ቀን ቢዘገይ ማንም አይሞትም ለማለት ግን ድፍረት ይጠይቃል፤ ተፎካካሪው ጋዜጣ ያንኑ ቀን ያወጣዋልና። ሰበር ዜና የሚለውን ቀይ መስመር ማን ቀድሞ ለጠፈ በሚል ሲሽቀዳደም የኖረ ሰው ይህን ያውቃል።

ታዲያ ዝም ማለት ነው መፍትሔው? አይደለም። ገና በአንድ የፌስቡክ ቡድን ውስጥ 200 ሰው ያየውን ወሬ አገር አቀፍ ቴሌቪዥን ላይ አውጥቶ ማስተባበል ጥፋት ነው፤ ማስታወቂያ መሥራት ነው። ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደር ሰው በ67 ሚሊዮን ሰው ፊት ከተናገረው በኋላ ግን ዝምታ ሙያ አይሆንም፤ ሕዝቡ ሰምቷል። ያኔ የሚቀረው ጥያቄ ዘገባው ከማን ይጀምር የሚለው ነው። የኔ መልስ ከተማዋ ናት። ዘገባው ከተናጋሪው አፍ ሳይሆን ንግግሩ ካረፈበት ሰፈር ይጀምር። ለምሳሌ እንዲህ፦ የስፕሪንግፊልድ ትምህርት ቤቶች ዛሬ በቦምብ ማስፈራሪያ ተዘጉ፤ ምክንያቱ ፖሊስም ከንቲባውም ሐሰት ነው ያሉት ወሬ ነው፤ ወሬውን ያሰራጨው እገሌ ነው። ተናጋሪው ስሙ ይጠራል፣ ተጠያቂነቱም አይቀርለትም፤ ግን የዜናው ባለቤት እሱ አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቀልዱ። ያንን ሰሞን የትራምፕን ድምፅ በዜማ ያቀናበሩት ቪዲዮዎች ዓለምን አዳረሱ፤ እኛም ተቀባበልናቸው። ብዙዎቹ የሳቁት በትራምፕ ነበር። ግን የመጤን ምግብ እያነወሩ ሰውነቱን ማሳነስ አሜሪካ ውስጥ የቆየ ዘዴ ነው፤ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቻይና ሠራተኞች ላይ ተመሳሳይ ነገር ይባል ነበር። ዜማው ተናጋሪውን ማሾፊያ አድርጎት ይሆናል፤ የሄይቲው ልጅ ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚዘፈንበት ግን ያው ዜማ ነው። የዜና ጣቢያዎችም «ኢንተርኔቱን ያሳቀው» እያሉ ደጋግመው አጫወቱት። ቫንስ ቀልዱን አታቁሙ ያለው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

የአማርኛ ዩቲዩቦች ጉዳይ ሌላ ሸክም አለው። ስፕሪንግፊልድ ከኮለምበስ በስተምዕራብ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ናት፤ ኮለምበስ ደግሞ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት። ያኔ ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሄይቲዎቹ ጋር አንድ ዓይነት ወረቀት፣ ያንኑ ቲፒኤስ፣ ይዘው ነበር። ይህ ሁሉ እያለ እኔ ያየኋቸው አብዛኞቹ ፕሮግራሞች በተምኔል ላይ የድመት ፎቶ ለጥፈው፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አድርገው «በሉ ወይስ አልበሉም?» ሲሉ ነበር። የጥያቄ ምልክት ዋስትና አይደለም። ከኮለምበስ መኪና አስነሥቶ ስፕሪንግፊልድ ገብቶ፣ ቋንቋው ባይገባውም ሰው ያነጋገረ አንድም የአማርኛ ፕሮግራም አላየሁም። ካለ ሊንኩን ላኩልኝ፤ በደስታ አካፍላለሁ።

የመጨረሻው ነገር ለሙያው ሰዎች ደስ የማይል ነው። ቫንስ በፈረንጆቹ መስከረም 15 ላይ ሲኤንኤን ቀርቦ ሲጠየቅ፣ የአሜሪካ ሚዲያ የሕዝቡን ስቃይ እንዲያይ ታሪክ መፍጠር ካለብኝ እፈጥራለሁ አለ። መፍጠር ያልኩት የሚዲያውን ትኩረት ነው ብሎ ወዲያው ሊያብራራ ሞከረ። አባባሉ አሳፋሪ ነው። ቅሬታው ውስጥ ግን ቁራጭ እውነት አለች። ሐምሌ ላይ ብራያን ሄክ የመኖሪያ ቤት እጥረቱ ከአቅማችን በላይ ሆኗል ብሎ ለሴኔት ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የከተማዋ ጋዜጣ ስለ ኪራዩም ስለ ክሊኒኩም ሲጽፍ ቆይቷል። ከትልልቆቹ ጣቢያዎች አብዛኞቹ ካሜራቸውን ጭነው የገቡት ግን የድመቱ ወሬ ከተነገረ በኋላ ነው። ሐምሌ ላይ ገብተው ቢሆን ኖሮ የሚቀረጽ ነገር ሞልቶ ነበር፤ ባለፋብሪካው፣ ባለኪራዩ፣ ነርሷ፣ ከፖርቶፕሪንስ የመጣው የፈረቃ ሠራተኛ። ደቡብ ዳኮታ ባለችው ሱ ፎልስ ውስጥም፣ ኮለምበስ ውስጥም የኛ ሰዎች ዛሬ በዚሁ ሁኔታ ይኖራሉ፤ ኪራይ ይከፍላሉ፣ ክሊኒክ ይሰለፋሉ። የአማርኛ ካሜራ ካለ ማንም ፖለቲከኛ ስማቸውን ሳያነሳ አሁን ቢሄድ ጥሩ ነው፤ መንገዱም ክፍት ነው።