ከቀለሙ ሥር

ትንሽ ዕቃ መሥራት ትንሽ ሥራ የሚመስለው ላልሞከረው ሰው ነው። ወደ አራት ሜትር የሚጠጋ ርዝመት ያለውን የእሽቅድምድም መኪና በሃያ አካፍሎ፣ ቅርጹን ሳያዛቡና መጠኑን ሳያፋልሱ፣ ከመዳፍ እምብዛም በማይበልጥ ቁመት መልሶ ማቆም የዓይንን፣ የእጅንና የትዕግሥትን ኅብረት ይጠይቃል። «ይህ የልጅ መጫወቻ እንጂ የኪነ ጥበብ መጽሔት ርእስ ነውን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ባለፈው ክረምት ሥራውን ስጀምር የማስበው እንዲሁ ነበርና። ሥራው ሲፈጸም ግን ስለ መኪናው ያወቅሁት ጥቂት፣ ስለ ራሴ የተማርኩት ብዙ ሆኖ ተገኘ። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝም እርሱው ነው።

በእኔ የልጅነት ዘመን፣ በእኛ ሰፈር፣ መጫወቻ መኪና የሚሠራ እንጂ የሚገዛ ነገር አልነበረም። ከአጥር የተረፈ ሽቦ እናጣምማለን፤ ከዘይት ቆርቆሮ ኮፈንና በር እንቆርጣለን፤ ከየቡና ቤቱ ደጃፍ የለቀምነውን ቆርኪ በምስማር በስተን ጎማ እናደርገዋለን። ከዚያም ረጅም የሽቦ መሪ ይተከልለትና፣ የሞተሩን ድምፅ በአፋችን እያሰማን፣ ቁልቁለቱን ተያይዘን እንወርዳለን። ከእነዚህ መኪናዎች አንዱን ስሠራ የቆርቆሮው ስለት የቀኝ እጄን አውራ ጣት አግድም ሰነጠቀው። ቁስሉ ዳነ፤ ጠባሳው ግን በአሻራዬ መካከል እንደ ተሰመረ መስመር ሆኖ እስከ ዛሬ አለ።

አባቴ መካኒክ ነበር። ከትምህርት ቤት መልስ ጋራዡ በራፍ ላይ ተቀምጬ እጆቹን እመለከት ነበር። አንድ ቀን ካምቢዮ ፈትቶ ከጠገነ በኋላ፣ ክዳኑን ከመግጠሙ በፊት፣ የውስጡን ግድግዳ በንጹሕ ጨርቅ ደጋግሞ ሲወለውል አየሁት።

«አባባ፣ አሁን ይከድኑት የለም እንዴ? ማን ያየዋል?» አልኩ።

«ከእኔ በኋላ የሚፈታው ሰው» አለኝ፤ ቀና ብሎም አላየኝ።

በዚያን ጊዜ አነጋገሩ ከሙያ ኩራት የመነጨ ብቻ መሰለኝ። ትርጉሙ የገባኝ አባቴ ካለፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ያውም በአሥራ ሁለት ዓመት ልጄ ፊት ነው።

በውጭ አገር የምትኖር እኅቴ ባለፈው ዓመት ለልጄ አንድ ሳጥን ላከችለት። በውስጡ በጃፓን አገር፣ በሺዙኦካ፣ በታሚያ ፋብሪካ የተሠራ፣ ሆንዳ አር ኤ 272 የተባለው የእሽቅድምድም መኪና በሃያ እጅ ተቀንሶ፣ በብዙ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ ተበታትኖ ተኝቷል። ለልጄ ብቻውን የሚቻል አልነበረምና ሥራው የጋራችን ሆነ። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ እኔ ሠሪ፣ እርሱ አቀባይ ወደ መሆን ተሸጋግረን ነበር።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። የሆንዳ ኩባንያ መሥራች ሶይቺሮ ሆንዳ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። በእኛ አገር ብረት የሚቀጠቅጠው ሰው ማረሻውንና ጦሩን እየሠራ ለአገር ሲያበረክት፣ በምላሹ «ቡዳ» የሚል ስድብ ይከፈለው እንደ ነበር ለሚያስታውስ፣ የዚህ የአንጥረኛ ልጅ ታሪክ ቆም ብሎ የሚያሳስብ ነው። በ1941 ዓ.ም. የተቋቋመው ኩባንያ አስቀድሞ የታወቀው በሞተር ብስክሌት ነበር። ባለ አራት ጎማ መኪና ለሽያጭ ማቅረብ በጀመረ በዓመቱ፣ በ1956 ዓ.ም. ክረምት፣ የአውሮፓ ስመ ጥር ፋብሪካዎች ወደሚፎካከሩበት ወደ ፎርሙላ አንድ ገባ። ጥቅምት 14 ቀን 1958 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በተደረገው ውድድር፣ 11 ቁጥርን የለጠፈው ይህ መኪና በአሜሪካዊው በሪቺ ጊንተር ነጂነት 65ቱንም ዙር እየመራ ፈጸመ። ለኩባንያው በዚህ ውድድር የመጀመሪያው ድል፣ ለጊንተርም የመጀመሪያውና የመጨረሻው ድል ይኸው ነበር።

የሞተሩ አሠራር የተለየ ነው። ስፋቱ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ሆኖ ሳለ አሥራ ሁለት ሲሊንደርና አርባ ስምንት ቫልቭ አለው፤ የተቀመጠውም እንደ ሌሎቹ በቁመት ሳይሆን ከነጂው ጀርባ አግድም ነው። ይሁን እንጂ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሳበኝ የቦታው ነገር ነው። ሜክሲኮ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ናት። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ይልቅ ከአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው፤ ሞተርም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። በቆላ የተስማማው የነዳጅ መጠን እዚያ ላይ ይበዛበትና ያፍነዋል። የሆንዳ ሰዎች ነዳጁን ከስሱ አየር ጋር ማስማማታቸው ለድሉ ከሚሰጡት ምክንያቶች አንዱ ነው።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ከወደብ አካባቢ ወደ አዲስ አበባ የመጣ የቤንዚን መኪና ጋራዡ ደርሶ ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ አባቴ ካንዴላዎቹን ፈትቶ ጥላሸታቸውን ያይና «ይህ መኪና ገና ቆላ ያለ ይመስለዋል» እያለ፣ ካቻቢቴውን አንሥቶ የካርቡራተሩን ብሎን ያስተካክል ነበር። በሜክሲኮ የተሠራው ሥራና በእኛ ጋራዥ ይሠራ የነበረው ሥራ በመሠረቱ አንድ ነው። ከዚያ ውድድር ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ማሞ ወልዴ የማራቶንን ወርቅ ያጠለቀው በዚያችው ከተማ፣ በዚያው ስስ አየር ውስጥ መሆኑን ለልጄ ስነግረው፣ «ታዲያ እርሱ ካርቡራተሩን ማን አስተካከለለት?» አለኝ። «የደጋው አየር» ብዬ ሳቅሁ።

ሥራው የተጀመረው በሰኔ ማለቂያ ነው። ቁርጥራጮቹን ከማቀፊያቸው በምላጭ መለየት፣ ጠርዛቸውን በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ፣ ከዚያም በማጣበቂያው ማጋጠም ያስፈልጋል። ማጣበቂያው እንደ ሙጫ በመካከል የሚቀመጥ አይደለም፤ የሁለቱን ፕላስቲክ ፊት አቅልጦ አንድ አካል ያደርጋቸዋል። ስለዚህ ከበዛ ያበላሻል፤ ከተሳሳቱም መመለሻ የለውም።

ከሳጥኑ የተገኘው ሁሉ ከተገጣጠመ በኋላ የሚቀረው ማዳበር ነው፤ ጣፋጩና አድካሚው ክፍልም ይህ ነው። የእውነተኛው የካንዴላ ሽቦ ውፍረት ሰባት ሚሊሜትር ቢሆን፣ በሃያ ሲካፈል ከአንድ ሚሊሜትር ሲሶ እምብዛም አይበልጥም። ይህን የሚያህል ቀጭን የመዳብ ክር ከአሮጌ የስልክ ገመድ መዘዝን፤ ለአሥራ ሁለቱ ሲሊንደሮች አሥራ ሁለት ክር ቆርጠን በወረንጦ እያንዳንዱን በቦታው ተከልን። የጎማዎቹን ፊት በመንገድ የተፋቀ እንዲመስል በብርጭቆ ወረቀት አደበዘዝነው። ልጄ ለነጂው መቀመጫ የደኅንነት ቀበቶ እንድንሠራ ፈለገ፤ ስናጣራ ግን በዚያ ዘመን የነበሩት ነጂዎች ቀበቶ የመታጠቅ ልማድ እንዳልነበራቸው አወቅን። ልጄ በነገሩ ደነገጠ፤ እኔም ደነገጥሁ። ቢሆንም ቀበቶውን ተውነው። ያልነበረውን መጨመር፣ የነበረውን ከመተው ያነሰ ስሕተት አይደለምና።

በፊተኛው ኮፈን ሥር ፔዳሎቹ አሉ። ልጄ ከፔዳሉ ወደ ጎማዎቹ የሚሄዱት የፍሬን ዘይት ቧንቧዎችም ይሠሩ አለ። እኔ ግን ኮፈኑ ሲገጠም ስለማይታዩ እንለፋቸው አልኩት። የአባቴን ጨርቅ በዚያች ሰዓት አላስታወስሁም።

በዚያ ዘመን መኪናዎች የየአገራቸውን ቀለም ይለብሱ ነበር፤ የጣሊያኑ ቀይ፣ የእንግሊዙ አረንጓዴ፣ የፈረንሳዩ ሰማያዊ ነው። የጃፓኑ ወደ ዝሆን ጥርስ የሚያደላ ነጭ ሆኖ፣ በላዩ ክብ ቀይ ፀሐይ ተቀምጣለች። ነጭ ቀለም ጉድለትን የማይምር ቀለም ነው። በስሱ እየረጩ፣ እያደረቁ፣ እንደገና እየረጩ መሄድ ያስፈልጋል። የሐምሌ ዝናብና ጭጋግ ደግሞ ቀለምን ላዩን አድርቆ ውስጡን ለብዙ ቀን ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል። የመጨረሻውን ቀለም ረጭቼ ኮፈኑን በመደርደሪያው ላይ አኖርሁና ማንም እንዳይነካ አዘዝሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ፣ በኮፈኑ ላይ አንድ የጣት አሻራ በቀለሙ ውስጥ ታትሞ አገኘሁ። ልጄን ጠራሁት።

«ይህን የነካኸው አንተ ነህ?»

«አልነካሁም፣ አባዬ።»

«ታዲያ ማን ነካው? ግድግዳው?»

«እኔ አልነካሁም።»

«ከጥፋቱ ይልቅ ውሸቱ ይብሳል! ውሸታም ልጅ ከእኔ ጋር አይሠራም» አልኩት።

ልጄ አላለቀሰም፤ አልተከራከረምም። የያዘውን ወረንጦ በጠረጴዛው ላይ በቀስታ አኖረና ወጣ። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሮ፣ «ልጁ አልነካሁም ካለ አልነካም፤ ዋሽቶ አያውቅም» አለችኝ። «አንቺ አታበላሺው» ብዬ መለስሁላት። አራት ቀን ሙሉ ልጄ ወደ ጠረጴዛው አልቀረበም። ስጠራው ይመጣል፤ ስጠይቀው ይመልሳል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን በመካከላችን አልነበረም።

በአምስተኛው ሌሊት አሻራውን ፍቄ ለማጥፋት ተነሣሁ። መብራቱን አጋድሜ አጉሊ መነጽሩን አቀረብሁ። የአሻራው ቀለበቶች ጥርት ብለው ይታያሉ። በመካከላቸውም፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንድ አግድም መስመር አለ።

የቀኝ እጄን አውራ ጣት ከመነጽሩ ሥር አስገብቼ አየሁ። ሌላ ማስረጃ አላስፈለገም። ቀለሙን በረጨሁ ማግስት ሌሊት፣ ደርቆ እንደ ሆነ ለማየት ኮፈኑን አንሥቼ ማገላበጤም በዚያች ቅጽበት ትዝ አለኝ።

ውድ አንባቢ፣ በዚያች ሌሊት ያሰብሁትን ልሰውርህ አልፈልግም። አሻራው ያረፈው ቀይዋ ፀሐይ በምትለጠፍበት ቦታ ላይ ነበር። ብለጥፋት፣ ነገሩ በዚያው ተከድኖ ይቀራል። ልጄ ጥፋቱ ይቅር የተባለለት ይመስለዋል፤ እኔም ይቅር ባይ አባት ሆኜ እታያለሁ። እኛ ያደግነው አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ በማይታይበት ቤት ነው፤ የአባት ክብር እንደ ሸክላ ነው፣ አንድ ጊዜ ከተሰነጠቀ አይጠገንም ይባል ነበር። ተለጣፊዋን ፀሐይ በውኃ ነክሬ ለማንሣት እጄን ከዘረጋሁ በኋላ አሳቤ ወደ ጋራዡ ሄደ። አባቴ ካምቢዮውን ሳይወለውል ከድኖት ቢሆን ማንም ባላወቀ ነበር፤ እስኪፈታ ድረስ። ልጄም አንድ ቀን እኔን ይፈታኛል፤ አድጎ፣ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበር መርምሮ ያያል። በዚያን ጊዜ ከክዳኑ ሥር የሚያገኘው ምንድን ነው?

ሲነጋ ልጄን ጠርቼ መነጽሩን ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ ብዙ አየ። ከዚያም የእኔን እጅ ይዞ ወደ መብራቱ አቀረበው።

«ጠባሳው አለበት» አለ።

«አዎን፣ የእኔ ነው። በከንቱ ውሸታም አልኩህ። ይቅርታ አድርግልኝ» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር።

ዝም አለ። ዝምታው ከስድብ ይልቅ ከበደኝ። ከቆየ በኋላ፣ «ፀሐይዋ ትሸፍነው የለም እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ። ይቅርታው በዚህች ጥያቄ ውስጥ እንደ ነበረ ተሰማኝ።

«ተለጣፊዋ እጅግ ስስ ናት» አልኩት። «ከሥሯ ያለውን ጉድለት አትሸፍንም፤ ቅርጹን ተከትላ ይበልጥ ታሳየዋለች።»

«እንግዲያው እንፋቀው።»

በውኃ በራሰ ልዝብ ብርጭቆ ወረቀት፣ በየተራ፣ አሻራው እስኪጠፋ ፋቅነው። ቀለሙን እንደገና የረጨው ልጄ ነው፤ የእኔ ድርሻ ሳጥኑን መያዝ ነበር። እስኪደርቅ ድረስ ሁለት ሳምንት ታገሥን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ ማንም ሳይጠይቀን፣ ከኮፈኑ ሥር የሚቀሩትን የፍሬን ቧንቧዎች ሠራን።

ዛሬ መኪናው በመጻሕፍት መደርደሪያችን ላይ ቆሟል። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ የቀለሙን ማብረቅና የቀይዋን ፀሐይ ውበት ያደንቃል፤ አንዳንዱም «ይሄዳል?» ብሎ ይጠይቃል። ልጄ «አይሄድም» ብሎ ይመልሳል። ስለ ፍሬኑ የጠየቀን ሰው እስካሁን የለም።