ሰባት ዓመት ብቻ

መኮንን በአንድ ጀምበር አይሠራም። በ1927 ዓ.ም. የገነት ጦር ትምህርት ቤት ሆለታ ላይ ሲከፈት አሠልጣኞቹ ስዊድናውያን ነበሩ። ዕጩ መኮንኖቹ ገና ሳይጠናከሩ ጣሊያን መጣ፤ ከእነሱ መካከል ጥቁር አንበሳ በተባለው የአርበኞች ማኅበር ውስጥ ገብተው የተዋደቁ አሉ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ የሐረር ጦር አካዳሚ ተከፈተ፤ ሕንዳውያን መኮንኖች አስተማሩበት። ያ ሁሉ ድካም የእኛ ነበር። ወጪውም የደሃ አገር ወጪ ነበር።

ቤተሰቡም አብሮ ከፍሏል። የመኮንን ሚስት ዘንድሮ ነገሌ፣ ከርሞ ጎዴ፣ ከዚያ አስመራ እያለች ዕቃ ስትጠቀልልና ስትፈታ ዕድሜዋን ትጨርስ ነበር። ባሏ ግንባር ሲከርም በተቆራጭ ልጆች ታሳድግ፣ ሬዲዮ ጆሮዋ ሥር አድርጋ ታድር ነበር። ይህ ለአገር የተከፈለ እንጂ ለአንድ መንግሥት የተከፈለ አልነበረም።

እኛስ ምን አደረግን?

ግንቦት 1983 መጣ። ደርግ ወደቀ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። ከ400 ሺህ የሚበልጥ ሰው! ወንጀል የሠራ ይጠየቅ፤ ይህን ማን ይቃወማል? ካርታ አንባቢው ግን ምን አደረገን? መድፈኛው፣ መሐንዲሱ፣ የመገናኛ ባለሙያው፣ ሐኪሙ? ገለባውን ከምርቱ ሳንለይ አውድማውን በሙሉ አቃጠልነው። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለውን ሰው ታጠቅና ጦላይ ካምፕ አስገብተን «የደርግ ወታደር» አልነው። አንድ ስም ሰጠነውና ተገላገልን። ደመወዙ ቆመ። ከባሕር ኃይሉ ብዙው በመርከቡ ወደ የመን ተሰደደ። የተቆጨ ነበር?

ኮሎኔሉን እናውቃቸዋለን። በየሰፈራችን አንድ ነበሩ። ሌሊቱን የሰው ሕንፃ ሲጠብቁ የሚያድሩ፣ ጫማቸውን ግን እንደ ሰልፍ ቀን የሚወለውሉ። ባለቤታቸው እንጀራ ጋግረው ለየሱቁ ያከፋፍላሉ። ልጃቸው ከትምህርት ቤት የተሰጠውን ቅጽ ሲሞላ «የአባት ሥራ» የሚለውን ቦታ ባዶ ትቶ መለሰ። አየን። በዕድር ላይ «ኮሎኔል» እያልን በማዕረጋቸው ጠራናቸው፤ ከዚያ ያለፈ ምንም አላደረግንም። አንድም ቀን ቆመን «እኚህ ሰው የሚያውቁትን ማን ሊማረው ነው?» አላልንም።

ከዚያ 1990 ደረሰ። ሰባት ዓመት ብቻ! ባድመ በኤርትራ ጦር ተወረረች። ያኔ አስታወስናቸው። ታንከኛው የት ሄደ? መድፈኛው የት ወደቀ? አብራሪው በሕይወት አለ? የጣልነውን ሰው በየጎዳናው ፈለግነው። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ በደርግ ዘመን ተማርከው ዓመታት በምርኮ ያሳለፉ አብራሪ ነበሩ። በ1990 እንደገና በረሩ፤ ኤርትራ ላይ ተመትተው እንደገና ተያዙ። ወደ ቤታቸው አልተመለሱም።

የተጠሩት መጡ። ቤታቸውን በባዶ ሞሰብ ትተው መጡ። «ትናንት የት ነበራችሁ?» ብለው አልጠየቁንም። መጠየቅ ነበረባቸው! ደግሞስ ሁሉም ሊመጡ ይችሉ ነበር? ስደት የበላው አለ። ሐዘን የገደለው አለ። ያ ሁሉ እውቀት ጥበቃ ቤት ውስጥ ካርቶን ላይ ተኝቶ አርጅቷል። እነዚያን ሰባት ዓመታት መኮንኖቹ በጥበቃ ቤት ሳይሆን ሆለታና ሐረር ላይ በሰሌዳ ፊት ቢቆሙ ኖሮ፣ ከየገጠሩ ተለቅሞ ጾረናና ባድመ ምሽግ ውስጥ ከገባው ጎረምሳ ስንቱ ለእናቱ ይተርፍ ነበር?