አዋጁ፣ ዶላሩና የአባቴ በገና

ዛሬ ስለ ምርጫም ስለ ድርድርም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ይሁንና በዚህች አገር ከፖለቲካ ሸሽቶ የት ይደረሳል? ላፕቶፑን ፈትቼ ስገጥም አዋጁም፣ የውጭ ምንዛሪውም፣ የመብራት መጥፋቱም ተከታትለው መጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ በገና ይደረድራሉ። መዝሙሮቹን የተማሩት ከአባታቸው ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል በየትኛውም ካሴት ላይ ሰምቻቸው የማላውቃቸው አሉ። በገናው ከግድግዳው የሚወርደው በዐቢይ ጾም ብቻ ነው። ዘንድሮ ጾሙ በገባ ሳምንት ጣታቸው አውታሩን ሲስት አየሁ፤ እሳቸውም ማየቴን አዩ። ሁለታችንም ምንም አልተናገርንም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ፋሲካ ሳይደርስ ቤታችን ውስጥ ልቀርጻቸው ቆረጥኩ።

አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት የማይታሰብ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ከ100 ብር በላይ መውጣቱን ታስታውሳላችሁ። ስለ ፖሊሲው ትክክለኛነት ሌላ ቀን እንከራከራለን። ለደመወዝተኛው ግን ትርጉሙ አንድ ነው፤ በዶላር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ከመስታወት ወዲያ ማዶ ቀረ።

በዚህ ጊዜ ትዝ ያለኝ የአምሃ እሸቴ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ ሸክላ የማስቀረጽና የማስመጣት መብትን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 አምሃ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ወጣት፣ ያንን ክልከላ ጥሶ የዓለማየሁ እሸቴን ድምፅ አስቀረጸ፤ ሸክላውንም ሕንድ አሳትሞ አስገባ። ዛሬ የምንኮራበት የዚያ ዘመን ሙዚቃ ብዙው የተረፈው አንድ ሰው ፈቃድ ሳይጠብቅ በመነሣቱ ነው። ዛሬ አባቴን እንዳልቀርጽ የሚከለክለኝ አዋጅ የለም። የአዋጁን ሥራ ተረክቦ የሚሠራው ዋጋ ነው።

እንግዲህ አሮጌውን ላፕቶፕ አወረድኩት። ሦስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ያለው፣ ሃርድ ዲስኩም የሚሽከረከረው ዓይነት። ለመነሣት ብቻ አንድ ስኒ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ ይወስድበት ነበር። የዊንዶውስ ቴን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ ኢለቨን ደግሞ ይህን መሰል አሮጌ ፕሮሰሰር አይቀበልም። በፋብሪካው ሕግ መሠረት ማሽኑ ሞቷል ማለት ነው።

አልሞተም። መገናኛ ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች 240 ጊጋባይት ኤስ ኤስ ዲ ገዝቼ በሃርድ ዲስኩ ቦታ ተካሁት። ፍጥነቱን ያገኘሁት በአብዛኛው ከዚህ ነው፤ በዚያ ላይ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ድምፅ አያሰማም፤ ይህም ለሚቀርጽ ሰው ትልቅ ነገር ነው። ራሙን 8 ጊጋባይት አደረስኩት። ፋኑን ከአቧራ አጽድቼ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቅባት በአዲስ ቀየርኩት፤ ማሽኑ ሲቀዘቅዝ ፋኑም ዝም አለ። ባትሪውንም ለወጥኩ። ኡቡንቱ ስቱዲዮ የተባለውን ነፃ ሥርዓት ጫንኩበት፤ መቅረጫው አርዶርም አብሮት ይመጣል። ሁለት መግቢያ ያለው ያገለገለ ኦዲዮ ኢንተርፌስና ሁለት ኮንደንሰር ማይክ ጨምሬ፣ ወጪዬ ሁሉ ተደምሮ የአዲስ ላፕቶፕን ዋጋ ሩብ አልሞላም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኃይለኛ ማሽን የግድ ይመስለዋል። ሠላሳ መሣሪያ ለሚደራርብ እውነት ነው። አንድ በገናና አንድ ድምፅ ግን ሁለት መስመር ብቻ ናቸው። በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት አንዱ መስመር በደቂቃ 9 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም፤ የሁለቱ የአንድ ሰዓት ቀረጻ አንድ ጊጋባይት ገደማ ነው። አባቴ እየደረደሩ በጆሮ ማዳመጫ ራሳቸውን መስማት ስለማያስፈልጋቸው፣ የድምፁ መዘግየት አላስጨነቀኝም። የማሽኑን ቋት ወደ 1024 ናሙና ከፍ አደረግኩት፤ አሮጌው ፕሮሰሰር በዚህ ተንፈስ አለ።

የቀረጽነው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ፣ የታክሲ ረዳቶች ጩኸት ሲበርድ ነበር። ግድግዳው ላይ ሁለት ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ ሰቀልን። አንዱን ማይክ ወደ በገናው ብርኩማ አቀረብኩት፤ ያ የሚያንዘፈዝፈው ድምፅ የሚወለደው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከሚገቡት ቁርጥራጭ ቆዳዎች ነውና። ሁለተኛው መዝሙር መሃል ላይ መብራት ጠፋ። አባቴ አላቆሙም። ላፕቶፑም በባትሪው አላቆመም፤ ኢንተርፌሱና ማይኮቹም የሚሠሩት ከእሱ በሚያገኙት ኃይል ነው። ማቀዝቀዣው ዝም አለ፤ ከኤሌክትሪኩ መስመር ይገባ የነበረው ጉምጉምታም ጠፋ። ከሁሉ የጠራው ቀረጻ በጨለማ የተቀረጸው ሆነ። ይህን የምለው ግን ለመብራት መጥፋት ጠበቃ ልቆም አይደለም፤ ባትሪውን ባልለውጥ ኖሮ መዝሙሩ ከመሃል ተቆርጦ በቀረ ነበር።

በማግስቱ አሰማኋቸው። ጣታቸው የሳተበት ቦታ ሲደርስ ቀና አሉ።

«ይህን መቁረጥ ትችላለህ?»

«እችላለሁ አባባ። ከሌላው ቀረጻ ወስጄ ብተካው ማንም አያውቅም።»

ጥቂት ዝም አሉ። «ተወው» አሉኝ። «በስንት ዓመቴ እንደደረደርኩት ይታወቅ።»

አልነካሁትም። ቀረጻውን በሦስት ቦታ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ቅጂ ከቤታችን ውጭ፣ እኅቴ ዘንድ ነው። እናንተም ቤት ከቁም ሳጥን በላይ የተኛ አሮጌ ላፕቶፕ አይጠፋም። አጠገቡም ዘፈንም ሆነ እንጉርጉሮ፣ ፉከራም ሆነ ተረት የሚያውቅ ሰው ይኖራል። ምንዛሪው እስኪረጋጋ አትጠብቁ።

ቸር ይግጠመን።