የሲልቨር ስፕሪንግ ነጭ አበባ

ሜሪላንድ ውስጥ ያለችውን ሲልቨር ስፕሪንግን አብዛኞቻችን የምናውቃት በአበሻ ምግብ ቤቶቿ ነው። ከመሀል ከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ መኖሪያ ሰፈሮቹ ስትገቡ ግን፣ በተለይ ከሚያዝያ አጋማሽ በኋላ፣ ዓይን የሚይዘው ሌላ ነገር ነው፤ በየደጁ ነጭ አበባ ተሸክሞ ቅርንጫፉ ወደ መሬት የጎነበሰ ቁጥቋጦ። ስፓይሪያ ይባላል። ይህን ነጩን ዓይነት የአገሩ ሰዎች «የሙሽራ የአበባ ጉንጉን» ይሉታል፤ ሲያዩት ስሙ አይበዛበትም።

ያረፍኩት አክስቴ ቤት ነበር። የእሷ ስፓይሪያ ግን ቅጠል ብቻ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ያረፉት ባለቤቷ በእጃቸው የተከሉት ስለሆነ ነገሩ ከአትክልት በላይ ነው፤ «ደረቀብኝ መሰለኝ» እያለች በየጠዋቱ ትዞረዋለች። መልሱ የተገኘው ከጎረቤቷ ከአንዲት አሜሪካዊት አዛውንት ነው። ቁጥቋጦውን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና «በበልግ ማን ቆረጠው?» ብለው ጠየቁ። ባለፈው ጥቅምት ግቢውን እንዲያስተካክል የተቀጠረ ሰው ሁሉንም እንደ ኳስ ከርክሞት ሄዷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጩ ስፓይሪያ የሚያብበው አምና ባደገው ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ የከርሞውን እምቡጥ ክረምቱ ሳይገባ ይዞ ያድራል። በጥቅምት የቆረጠው ሰው አበባውን አብሮ ጣለው ማለት ነው። ስለዚህ የሚገረዘው አበባው እንደረገፈ ወዲያውኑ ነው፤ ያረጁትን ቅርንጫፎች፣ ከሦስቱ አንዱን ያህል፣ ከሥር መቁረጥ ይበቃል።

በበጋ የሚያብበው አጭሩ ሮዝ ዓይነት ተቃራኒ ነው። በአዲስ ቀንበጥ ስለሚያብብ የካቲት መጨረሻ ላይ አሳጥሮ መቁረጥ ይቻላል። የጠወለገውን አበባ መልቀም ደግሞ ሁለተኛ ዙር አበባ ያመጣል፤ በዚያ አካባቢ በዘሩ ወደ ጫካ እየገባ ስላስቸገረም ያግዛል። ለሁለቱም በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ፣ በተከላው ዓመት የማይቋረጥ ውኃ። ከዚያ በኋላ ብዙም አያስቸግሩም።

ማርኬቲንግ ላይ ስለምሠራ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የጀርመኑ ባየር በ1899 እ.ኤ.አ. ለገበያ ያቀረበው አስፕሪን ስሙን ያገኘው ቀድሞ ከስፓይሪያ ወገን ይቆጠር ከነበረ ተክል ነው። እንዲህ ያለ ስም በየዘመኑ አይገኝም።

ችግኙን በሻንጣ ይዛችሁ ለመምጣት ካሰባችሁ፣ የማስገቢያ ፈቃድና የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። አክስቴም ልካልኝ ነበር፣ ተውኩት። እሷ ቅርንጫፉ ላይ ቀይ ክር አስራ፣ «እንዳይነካ» የሚል ካርቶን በእንግሊዝኛ ጽፋ ሰቅላለች።