ስለ ቻይና መርፌና ስለ መራራው ቅጠል

የቻይና ሕክምና ሲነሣ ብዙ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው መርፌውን ነው። ይኸውም እንደ ጠጕር የቀጠነ መርፌ በሰውነት ላይ በተወሰኑ ነጥቦች ተተክሎ ጥቂት ከቈየ በኋላ የሚነቀልበት ጥበብ ነው። የጥንት ቻይኖች «ቺ» የሚሉት የሕይወት ኀይል በሥጋ ውስጥ መንገድ ይዞ ይዞራል፤ መንገዱ ሲታገድ ሰው ይታመማል፤ መርፌው ያን እገዳ ይፈታል ብለው አስተምረዋል። የሰውን አካል ከፍተው የመረመሩ ሊቃውንት ግን እንዲህ ያለውን መንገድ አላገኙትም።

ለድሬዳዋ ሰው ይህ ዐይነቱ ሕክምና እጅግ እንግዳ አይኾንበትም። ከተማይቱ በ1895 ዓ.ም. ከባቡሩ ሐዲድ ጋራ የተቈረቈረች ናትና፣ ኦሮሞውና ሶማሌው፣ ዐማራውና ሐረሬው፣ ዐረቡና ግሪኩ ኹሉ የየአገሩን ልማድ ይዞባት ገብቷል። ትከሻውን የታመመ ሰው ዋግምት ይታገማል፤ ቻይናዊውም ብርጭቆ በእሳት አሙቆ በሕመምተኛው ጀርባ ላይ ሲደፋ ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አያደርግም። ቻይኖች የሠሩት አዲሱ የባቡር መንገድ በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ሰዎቹ ከሩቅ ቢመጡም፣ ሕክምናቸው የቅርብ ዘመድ ነበረው።

መርፌው ይጠቅማልን? በጀርመን አገር ወገባቸውን ለብዙ ጊዜ የታመሙ 1,162 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ለፊተኞቹ መርፌው በሥርዐቱ ተተከለ፤ ለኹለተኞቹ ከነጥቦቹ ውጭ እንዲያው ላይ ላዩን ተወጋ፤ ሦስተኞቹ የተለመደውን ሕክምና ተቀበሉ። ከስድስት ወር በኋላ ከፊተኞቹ ከመቶው 47.6፣ ከኹለተኞቹ 44.2፣ ከሦስተኞቹ 27.4 እንደ ተሻላቸው በፈረንጆች 2007 ዓ.ም. ታተመ። እንግዲህ መርፌ መወጋቱ ሕመምን ያቀላል፤ የሚወጋበት ስፍራ ግን ያን ያህል ልዩነት አላመጣም። ወገቡ ለቀቅ ያለለት ሰው ስለ ቺ መኖር አለመኖር አይጨነቅም፤ አያስፈርድበትም። የሳምባ ነቀርሳ ወይም የስኳር በሽታ የያዘው ሰው ሐኪሙን ትቶ ወደ መርፌው ቢሄድ ግን ነገሩ የሞት ነገር ይኾናል።

ከዚያው ከቻይና መጻሕፍት የወጣ ሌላ ነገር አለ፤ ድሬዳዋም ባለዕዳው ናት። በቬትናም ጦርነት ዘመን ወባ የቀድሞውን መድኀኒት ክሎሮኪንን ስላሸነፈ፣ በፈረንጆች 1967 ዓ.ም. በግንቦት 23 ቀን ቻይና አዲስ መድኀኒት የሚፈልግ ማኅበር በምስጢር አቋቋመች። ቱ ዩዩ የተባለች ሴት ከባልንጀሮቿ ጋራ የአሮጌ መጻሕፍትን መድኀኒት እየለቀመች መረመረች። ቺንግሃኦ የሚባለው መራራ ቅጠል አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ ይከሽፋል። በመጨረሻ ከ1,600 ዓመት በፊት ገ ሆንግ የተባለ ሊቅ የጻፈውን ስታነብ፣ ቅጠሉ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይጨመቃል ይላል እንጂ ይፈላል አይልም። እሳቱ ኀይሉን እንደሚያጠፋው ጠረጠረችና በዝቅተኛ ሙቀት በሚፈላው በኤተር አወጣችው። በ1971 ዓ.ም. በአይጥና በዝንጀሮ ላይ ወባውን ፈጽሞ አጠፋው። በሕመምተኛ ላይ ከመሞከሩ አስቀድማ እርሷና ባልንጀሮቿ ጠጡት። በ2015 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት አገኘች። በኢትዮጵያ አሪቲ የሚባለው ሣር የዚህ ቅጠል ዘመድ ነው፤ ዘመድነቱ ግን የወባ መድኀኒት አያደርገውም።

በድሬዳዋ በፈረንጆች 2019 ዓ.ም. በሞላው የተቈጠረው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበረ። በ2022 ዓ.ም. ግን ከጥር እስከ ግንቦት ብቻ ከ2,400 በላይ ኾነ፤ ያውም በደረቁ ወራት፣ በዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ማደሪያ ጭምር። ያመጣችው ስቴፈንሲ የምትባል የእስያ ትንኝ ናት። እርሷ ረግረግ አትፈልግም፤ ውሃ በሚጠፋበት ከተማ ሰው ለችግሩ ብሎ በበርሜልና በጋን ባጠራቀመው ውሃ ትራባለች። በእነዚያ ወራት ሕመምተኛው በየጤና ጣቢያው የዋጠው ክኒን ከዚያው ከመራራው ቅጠል የተገኘ ነው። ዳሩ ግን ይህን መድኀኒት በከፊል የሚቋቋም የወባ ተሐዋስ በዚያው በድሬዳዋ ተገኝቷል።

መርፌውና ቅጠሉ ከአንድ ቤት ወጥተው ዕድላቸው የተለያየው፣ ቅጠሉ ምስጢሩ ተገልጦ፣ ፈተናውንም ስለ ቻለ ነው። በኢትዮጵያም የመድኀኒት መጻሕፍት በየደብሩና በየደብተራው ቤት አሉ። ኮሶ ከዚህ ወጥቶ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአውሮፓ መድኀኒቶች ጋራ ተቈጥሯል። ነገር ግን ሥሩን ለሰው እንዳያሳይ በሌሊት የሚቈፍር፣ ለልጁ እንኳ ሳይነግር የሚሞት ባለመድኀኒት ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በሽተኛ ፈውሶ ይኾናል፤ ገድሎም ይኾናል፤ ማን ቈጥሮ ያውቃል?

አክሊሉ ለማ በፈረንጆች 1964 ዓ.ም. በዐድዋ ወንዝ ዳር፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነዚያ ናቸው። እንዶድማ ስንት ዘመን ልብስ ሲታጠብበት ኖሯል፤ የሞቱትን አይቶ ለምን ብሎ የጠየቀውና የፈተነው ግን እርሱ ኾነ።