ሮም፣ ሐሙስ ከሰዓት

እኛ አገር ባልና ሚስት ተያይዘው የሚሄዱባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የታመመ ጥየቃ። ከዚህ ውጪ ምንም ጉዳይ ሳይኖራቸው በጠራራ ፀሐይ ጎን ለጎን ሲንሸራሸሩ ከታዩ፣ ያየ ሁሉ “በደህና ነው?” ማለቱ አይቀርም። ባልየው ከፊት፣ ሚስትየዋ አሥር እርምጃ ከኋላ ከሆኑ ግን ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። ትዳር ነዋ! ድንጋይ ለማየት ብሎ ከቤት መውጣትማ ጭራሹንም አልለመደብንም። ላሊበላ የምንሄደው ለገና ነው፤ አክሱም የምንሄደው ለኅዳር ጽዮን። ለመሳለም እንጂ ቁመቱ ስንት ነው ለማለት አይደለም።

ይህን ማንሳቴ ዓምና ጀርመን የምትኖረውን ልጃችንን ጠይቀን ስንመለስ፣ እኔና ባለቤቴ አንዲት ሙሉ ቀን ሮም ላይ ስለደረሰችን ነው። በዚያ በኩል ሲሆን ትኬቱ ረከስ ይላል ብላ ልጃችን ናት የቆረጠችልን። እኔ እንግዲህ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። ኮሎሲየም፣ ፓንተዮን፣ የትሬቪ ምንጭ፣ ቫቲካን። ባለቤቴ ወረቀቱን ገልመጥ አደረገችና “ቀኑ ምንድን ነው?” አለችኝ። “ሐሙስ” አልኳት። “እሰይ!” አለች። ለምን እሰይ እንዳለች አልነገረችኝም።

ባለቤቴ ሮምን ታውቃታለች። ከ1977 እስከ 1981 ድረስ የሰው ቤት ሠርታባታለች። በዚያን ዘመን ከኤርትራም ከመሀል አገርም የሄዱ ብዙ ሴቶች በጣሊያኖች ቤት እያደሩ ይሠሩ ነበር። ዕረፍታቸው ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ነው። ስለዚህ የእሷ ሮም በሳምንት ሁለቴ ብቻ በሯን የምትከፍት ከተማ ነበረች። አራት ዓመት ኖራ ኮሎሲየምን ከውስጥ አይታው አታውቅም። የመስኮት መስታወት በጋዜጣ ሲወለወል እንዴት እንደሚያምር ግን ጠይቋት።

ጠዋት ተርሚኒ ከሚባለው ባቡር ጣቢያ ወርደን ቡና ቤት ገባን። እኔ ደግሞ የፒያሳ ልጅ ነኝ፤ መኪና፣ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ እያልኩ ነው ያደግኩት። ጣሊያንኛ አልችልም ማለት ይከብደኛል። “ማኪያቶ!” ብዬ አዘዝኩ። የመጣልኝ ስኒ የሕፃን መድኃኒት መስፈሪያ ቢያክል ነው፤ ወተቱም በዓይን ጠብታ የተንጠባጠበ ይመስላል። የእኛ ማኪያቶ እዚያ ቢሄድ እንደ ምሳ ነው የሚቆጠረው። ወንበር ስስብ ባለቤቴ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። “ቆመህ ጠጣ። ተቀምጠህ ከሆነ ዋጋው ሌላ ነው።” ከዚያ ወደ ቡና ቀጂው ዞር ብላ አንድ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ሰውየውም ሳቀ። በሠላሳ አምስት ዓመት ትዳር በዚያ ድምፅ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ፈጠን ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ድምፅ።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ “የአምስት መቶዎቹ አደባባይ” ነው የሚባለው። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው ብትሉ፣ በጥር 1879 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው ወታደሮች ናቸው። ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ከግብፅ የመጣ ሐውልት ለመታሰቢያቸው ቆሟል፤ ግርጌው ላይ የሟቾቹ ስም ተጽፏል። ከአዲስ አበባ የተማረከው የይሁዳ አንበሳም አንድ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ጎራዴውን መዞ የተቆጣው በዚያ ምክንያት ነው። እኔ ይህን ስተነትን ባለቤቴ ዝም ብላ ዛፎቹን ታያለች።

“ሐሙስ ሐሙስ የምንገናኘው እዚህ ነበር” አለችኝ። “ከአገር የመጣ ካሴት ካለ እንሰማለን፤ ደብዳቤ ማንበብ ለማትችለው እናነብላታለን። ስንት ቀን እዚህ ሥር ቁጭ ብለን አልቅሰናል።”

“በአሉላ ሙታን ግርጌ?”

“እኔ መች አወቅሁ! ያኔ የነገረኝ ቢኖር፣ ሲኞራዋን ቀና ብዬ ባየኋት ነበር” ብላ ሳቀች።

ኮሎሲየም ገብተናል እንዳልላችሁ፤ ሰልፉ እንደ ቀበሌ ዘይት ነው። እ.ኤ.አ. በ80 ዓ.ም. ተመርቆ እስከ ዛሬ ገበያው አልቀዘቀዘም። ከውጪ ዞርነውና ከጎኑ ወዳለው የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሄድን። ለእኔ ከነገሥታቱ ሁሉ የሚበልጠው የገባው በዚህ ነው። አበበ ቢቂላ! ሩጫው ከካምፒዶሊዮ ተነስቶ ማብቂያው እዚህ ቅስት ሥር ነበር። ቀኑን በእኛ ቁጠሩት፤ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነው። የዘመን መለወጫ ዋዜማ! መንገዱ ሲጨልም የጣሊያን ወታደሮች ዳር ዳሩን ችቦ ይዘው ያበሩ ነበር። እንግዲህ አስቡት፤ አገር ቤት “ኢዮሃ” እየተባለ ችቦ በሚለኮስበት ማታ፣ በዚህ ደግሞ በጣሊያን ችቦ መሀል በባዶ እግሩ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨርሶ ገባ። ይህንን ከየትኛውም ድርሰት ውስጥ ባነበው “ደራሲው አበዛው” እል ነበር። ባለቤቴ ጉልበቷን አሟት ስለነበር ጫማዋን አወለቀችና “እሱም በባዶ እግሩ ነው” ብላ ድንጋይ ላይ አረፍ አለች።

ከዚያ ጥቂት እንደሄዱ ፖርታ ካፔና ይባላል። ባዶ ነው። ማለቴ፣ ለሌላ ሰው ባዶ አይደለም፤ መኪናው ይተራመሳል፣ ሣር አለ። ለእኛ ነው ባዶ የሆነው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ተጭኖ መጥቶ የተተከለው እዚህ ነበር። ከፊቱ ያለው ትልቅ ሕንፃ፣ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ያለበት፣ ሲሠራ ለቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ነበር የታሰበው። በ1939 የተፈረመው የሰላም ውል ሐውልቱ በ18 ወር ይመለስ ይላል፤ 58 ዓመት ፈጀ። በ1997 ሦስት ቦታ ተቆርጦ በአንቶኖቭ ሄደ፤ በ2000 አክሱም ላይ ቆሞ ተመረቀ።

“አንዷ ጓደኛችን በዚህ ባለፍን ቁጥር ታናግረው ነበር” አለች ባለቤቴ። “‘አይዞህ፣ አንተንም ሳትጠየቅ ነው ያመጡህ’ ትለዋለች። ሦስት ዓመት ሠርተን አብረን እንመለሳለን ተባብለን ነበር።”

“እሷስ?”

“ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመጣለች። ዛሬ ሐሙስ አይደል?”

እሰይ ያለችው ለካ ለዚህ ነው። ፓንተዮንና ቫቲካን በዚያው ተሰረዙ። ወደ ተርሚኒ ተመለስን።

ጓደኛዋ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። አሁንም የሰው ቤት ናት፤ የምትጦራቸው አሮጊት ዘጠና ሦስት ናቸው። “ማን ማንን እንደሚጦር እንጃ” አለችን። ሁለቱ ሲተቃቀፉ ቆመው ቀሩ፤ የሻንጣው ጎማ እግራቸው ሥር እየተንኳኳ አላፊ አግዳሚው በጎን በጎን አለፋቸው። ቀጥሎ የተባለውን ሁሉ አልጽፈውም። አንዱን ግን ልንገራችሁ።

ይህች ሴት ሁለት ወንድሞቿን አስተምራ ድራለች። አዲስ አበባ ላይ ቤት ሠርታለች። ቤቱ ውስጥ ታናሽየው ከነቤተሰቡ ይኖራል። “በደወለ ቁጥር ‘እትዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?’ ይለኛል” አለች፤ “ባለፈው ‘ጡረታዬን ይዤ ልመጣ ነው፣ ለዘለቄታው’ አልኩት። ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ‘ሃሎ፣ ሃሎ’ አልኩ። መጨረሻ ላይ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‘እትዬ፣ እዚህ እኮ ኑሮ ተወዷል፤ እዚያው ብትቆዪ ይሻልሻል።’”

በሰው ወንድም አልፈርድም። ልጆቹ እዚያ ቤት ተወልደዋል፣ እዚያ ሰፈር ተምረዋል፤ ቤቱ የአክስት መሆኑን ከነገሯቸው እንኳ እንደ ተረት ነው የሚሰሙት። ግን ዝም ማለቱ! አንድ ቃል ሳይናገር ለስንት ዓመት የበላውን ሁሉ ተናገረ እኮ።

ባለቤቴ እኔን ሳታይ “የእኛ ቤት አንድ ክፍል ባዶ ነው” አለቻት።

“የልጃችን ክፍል ነው” አልኩ እኔም። “የጠዋት ፀሐይ ይገባዋል።”

ጓደኛዋ ለጥቂት ጊዜ ስኒዋን አዞረችው። “አሮጊቷን ጥዬማ አልሄድም” አለች። “ከእሳቸው በኋላ እናያለን።” ከዚያ ነገር ለመለወጥ ይመስለኛል፣ “ትሬቪን አላያችሁም አይደል? ሳንቲም የጣለ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ” አለችን።

“እኔ ጥዬ አላውቅም፤ ይኸው መጣሁ” አለች ባለቤቴ።

“እኔም አልጣልኩም። መች ሄጄ!”

የአሮጊቷ መድኃኒት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ዓይኗ ከሰዓቷ ላይ አልነቀል አለ። አውቶቡስ ድረስ ሸኘናት፤ መስኮት አጠገብ ቦታ አግኝታ እጇን አውለበለበች። ወደ አየር ማረፊያው በሚወስደው ባቡር ውስጥ ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለችም። ፊዩሚቺኖ ልንደርስ ስንል “ያ አልጋ ጠባብ ነው፤ ይለወጣል” አለችኝ።